ጥቁር ካምሪ፣ የመንገድ ጨው እና ጭረት፦ አውቶማቲክ እጥበት ወይስ በእጅ?

ካምሪ ከአሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዬ ጥቁር የ2022 ካምሪ ሃይብሪድ ነው፤ ያለሁት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ። ኡበር ስለምሠራበት ቆሽሾ መውጣት አይችልም። በወር 30 ዶላር እየከፈልኩ ያልተገደበ አውቶማቲክ እጥበት አባል ስለሆንኩ በሳምንት ሦስቴ ያህል አስገባዋለሁ። አሁን ማታ ነዳጅ ማደያ መብራት ስር ሲቆም ኮፈኑና በሮቹ ላይ ክብ ክብ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ይታያል።

ይህን የሚያመጣው ብሩሹ ነው? ብሩሽ ወደሌለው፣ ተችለስ ወደሚሉት ብዞር ይሻላል? በእጅ እንዳላጥብ የምኖረው አፓርታማ ነው፤ የውሃ ጎማ የለም፣ ፓርኪንጉ ላይ ውሃ ማፍሰስም ክልክል ነው። ጨው የሚበተንበት ወቅት ደግሞ እየደረሰ ነው። ነገሩን የምታውቁ ብትመክሩኝ።

ሰምና ፖሊሽ

ወንድሜ፣ ብሩሹ ብቻውን አይጭርም። የሚጭረው ቀለሙ ላይ ተቀምጦ በብሩሹ ወይም በጨርቁ ስር የሚጎተተው ደቃቅ አሸዋ ነው። ከቀለሙ በላይ ያለው ገላጭ ሽፋን፣ ክሊር ኮት የሚሉት፣ በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ውፍረት ነው ያለው። ተራ የማተሚያ ወረቀት 100 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ ከወረቀት ግማሽ አይበልጥም ማለት ነው። የምታያቸው ጭረቶች በዚያ ሽፋን ላይ ያሉ ናቸው። ክብ የሚመስሉት ደግሞ አንድ ነገር ክብ እየዞረ ስለጫራቸው አይደለም። ጭረቱ በየአቅጣጫው ሞልቷል፤ ከመብራቱ አንጻር የሚያንጸባርቀው ክፍል ብቻ ስለሚበራ ዓይን በመብራቱ ዙሪያ ክብ አድርጎ ያነበዋል። ስልክህን አብርተህ መብራቱን ብታዘዋውር ክቡም አብሮ ይዞራል።

ስለዚህ ጥያቄው ማሽን ወይስ እጅ የሚለው አይደለም፤ ማንኛውም ነገር ቀለሙን ከመንካቱ በፊት ስንቱ ቆሻሻ በውሃ ወርዷል የሚለው ነው። ከባልዲ ተነስቶ በአንድ ስፖንጅ ጎማውንም ኮፈኑንም የሚያሽ ሰው ከማሽኑ የባሰ ይጭራል። በዚያ ላይ አንተ በሳምንት ሦስቴ ነው የምታስገባው፤ ምናልባት አንዱ ያስፈልግ ነበር። አባልነቱ ያልተገደበ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ መኪና ማሳሸት ትርፉ ጭረት ነው።

ተችለስ ቀለሙን ስለማይነካ አይጭርም፤ ይህ እውነት ነው። ግን በፍትጊያ ያጣውን በኬሚካል ነው የሚያካክሰው። ብዙዎቹ መጀመሪያ አሲድነት ያለውን፣ ቀጥሎ ጠንካራ አልካላይን የሆነውን ሳሙና ይረጫሉ። ይህ ሰሙን ቶሎ ይገፈዋል፤ ቀለም ያልተቀባ ወይም የተወለወለ አሉሚኒየም ቸርኬ ላይም ደብዛዛ ነጭ ጥላ ይተዋል። በወር አንዴ ሰም ለሚቀባ ሰው ግን ችግሩ ቀላል ነው።

አፓርታማ ለሚኖር ሰው የሚበጀው ሪንስለስ የሚባለው፣ ከታጠበ በኋላ በውሃ መለቅለቅ የማያስፈልገው ማጠቢያ ነው። ከታወቁት አንዱ ኦፕቲመም ኖ ሪንስ ነው፤ ልኩ 30 ሚሊ ሊትር በ7.5 ሊትር ውሃ፣ ማለትም 1 ኦውንስ በ2 ጋሎን ነው። ከልኩ በላይ ቢጨመር ቅባት የመሰለ ቅሪት ይተዋል እንጂ የተሻለ አያነጻም። አሠራሩ ይህ ነው፦

መጀመሪያ ሳንቲም ወይም ካርድ እየከፈልክ ራስህ የምታጥብበት ቦታ ሂድና በግፊት ውሃ ብቻ ለቅልቀው። የሚረጨውን አፍንጫ ከቀለሙ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀው፣ ከጣሪያ ወደ ታች ውረድ፤ ፓራፋንጎው ውስጥና በሮቹ ግርጌ ላይ ቆይ፤ አሸዋ የሚከማችበት እዚያ ነው። ከዚያ ጥላ ያለበት ቦታ ቁም። ኮፈኑን በእጅ መዳፍ ስትነካው የሚያቃጥል ከሆነ ጠብቅ፤ ፈሳሹ ሳታደርቀው ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል።

8 ያህል ማይክሮፋይበር ፎጣ ባልዲው ውስጥ ነክረህ ተው። ከዚያው ፈሳሽ በፓምፕ ጠርሙስ አንድ ክፍል ላይ፣ ለምሳሌ አንድ በር ላይ፣ እስኪንጠባጠብ እርጭ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆይ። ፎጣውን አራት እጥፍ ብታጥፈው በሁለት ወገን 8 ንጹህ ገጽ ይሰጥሃል። ሳትጫን፣ በቀጥታ መስመር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ፤ ገጹን ገልብጥ፤ ቀጥል። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ የቆሸሸ ፎጣም ተመልሶ ባልዲው ውስጥ አይገባም። ወዲያው በሌላ ደረቅ ፎጣ አድርቅ። ቅደም ተከተሉ ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ የበሮቹ የላይኛው ክፍል፣ ኋላ፣ ከዚያ የበሮቹ ግርጌና ፓራውልት፤ ቸርኬ መጨረሻ፣ በራሱ ፎጣ። መሬት የወደቀ ፎጣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቸርኬ ፎጣ ነው፤ አራግፎ መመለስ አይሠራም።

ፎጣዎቹን ከሌላ ልብስ ጋር አትጠባቸው፣ የልብስ ማለስለሻም አይግባባቸው፤ ክሩን ይደፍነዋል። ማድረቂያው በዝቅተኛ ሙቀት ይሁን፤ ማይክሮፋይበር ፖሊስተር ስላለበት በከፍተኛ ሙቀት ጫፉ ቀልጦ ይሻክራል። ብዙ ሰው ጥሩ ሳሙና ገዝቶ በሻከረ ፎጣ ነው ቀለሙን የሚያበላሸው።

የኮንቬየር ቴክኒሻን

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ተችለስ ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመርበት። ምንም ሳይነካ የታጠበ መኪና ላይ ቀጭን የቆሻሻ ፊልም ይቀራል፤ ጥቁር መኪና በጣት ሲነካ ይታያል። ችግሩ ባለቤቱ ያንን አይቶ ወጥቶ በፎጣ ሲጠርገው ነው። በደረቅ ፎጣ የተጠረገ ፊልም ከደህና ዋሻ፣ ማለትም መኪናው እየተጎተተ ከሚታጠብበት ማሽን፣ የበለጠ ይጭራል። ተችለስ ከመረጥክ እንደወጣ ተወው፣ አትጥረገው።

ዋሻዎቹም አንድ አይደሉም። የድሮው ናይለን ብሩሽ አሁን ብዙም አይገኝም፤ ያለው ወይ ጨርቅ ነው ወይ ፎም። ፎሙ ውሃም አሸዋም አይመጥም፤ ጨርቁ ግን ሳሙናና ውሃ ካነሰው አሸዋ ይዞ ይቀራል። ሳትገባ ከውጭ ቆመህ ሁለት ሦስት መኪና ሲያልፍ ተመልከት። መግቢያው ላይ ሰው በግፊት ውሃ ቀድሞ የሚያጥብ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ብሩሽ ጋ ከመድረሱ በፊት መኪናው በአረፋ ከተሸፈነ፣ ጨርቁ ውሃ እያፈሰሰ የሚዞር ከሆነ፣ ጥሩ ነው። ጨርቁ እንደደረቀ ሰሌን የሚያፏጭ ከሆነ ሂድ። ከፊትህ ጭቃ የለበሰ የግንባታ ፒካፕ ከገባም ለሌላ መኪና ተራህን ልቀቅ፤ ያ ጭቃ ጨርቁ ላይ ነው ያለው።

አባልነት ሲገዙ ሴራሚክ የሚባለውን ውድ ፓኬጅ የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ዋሻው ውስጥ የሚረጨው ስስ ነገር ውሃ ያንጠባጥባል፣ ለጥቂት ሳምንት ያበራል፤ በእጅ ከሚቀባው ሴራሚክ ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አይገናኝም፤ ሁለቱም ደግሞ ጭረት አይከለክሉም። ገንዘብ የሚገባው ፓኬጅ መኪናውን ከስር የሚያጥበው ነው።

ካምሪ ስለሆነ ቅንብሩን ልጻፍልህ፦ ሬዲ የሚለው መብራት እንደበራ ማርሹ ኤን ላይ ይሁን፣ እግር ከፍሬን ይነሳ፣ መሪም አይያዝ። ብሬክ ሆልድ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተለቆ። አውቶማቲክ የዝናብ መጥረጊያ ካለው መዘጋት አለበት፤ ውሃ ሲያይ ራሱ ይነሳና ጨርቁ ይጠመጥመዋል። ፕሪ ኮሊዥን የሚባለውን የግጭት መከላከያ አጥፋው፤ ቶዮታ ራሱ መመሪያው ላይ ይህን ይጠይቃል። ስፖኪዮ እጠፍ። ዋሻው መሃል ፍሬን መርገጥ የብዙ ግጭት ምክንያት ነው፤ ተሽከርካሪው ሮለር መኪናህን ስቶ ያልፍና የኋላው መኪና ይደርስብሃል።

ጣሪያው ላይ የታክሲ መብራት ያለው ሰው ብሩሽ ያለው ዋሻ ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል። ቸርኬው ሰፊ፣ ጎማው ቀጭን ከሆነም ጎማ የሚመራው ሐዲድ የቸርኬውን ጠርዝ ይልጠዋል። ከመግባትህ በፊት አራቱንም ጎን በስልክ ቅረጽ፤ ጉዳት ካለ ግቢውን ሳትለቅ አስመዝግብ። ከወጣህ በኋላ የምታቀርበውን ማንም አይሰማህም።

ከላቫጆ ሰፈር፣ አዲስ አበባ

በእጅ የታጠበ ሁሉ ተጠነቀቁለት ማለት እንዳልሆነ ለማየት አዲስ አበባ መምጣት ይበቃል። እዚህ አብዛኛው መኪና ላቫጆ ነው የሚታጠበው፣ ሁሉም በእጅ፤ ጥቁር ፕራዶ ፀሐይ ላይ አቁማችሁ ብታዩት ግን ጠያቂው የገለጸው ድር እንዳለ አለ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንዱ፣ አቧራው በውሃ በደንብ ሳይወርድ ስፖንጅ ይገባል። ሌላው፣ ፈሳሽ ሳሙና ያለባት አንዲት ባልዲ ለጎማውም ለመስታወቱም ለበሩም ናት፤ አሸዋው ባልዲው ታች ይቆይና በሚቀጥለው መኪና ላይ ይወጣል። የልብስ ዱቄት ሳሙናም ይጠቀማሉ፤ አልካላይን ስለሆነ ሰሙን ጠራርጎ ይወስዳል፣ ያልሟሟው ፍሬም ራሱ ይጭራል።

የማጠቢያ ጓንትና ሁለት ፎጣ ከቤት ይዞ መሄድና «መጀመሪያ ውሃ ብቻ፣ ጎማው መጨረሻ» ማለት ይቻላል፤ ትንሽ ጉርሻ ከተጨመረ በደስታ ይሠሩታል። የበለጠ የሚያሳስበው ግን ከስርና ከኮፈን ስር የሚሆነው ነው። ሻንሲው እንዲያበራ ናፍጣ ይረጫሉ። ያበራል፤ በማግስቱ አቧራውን ሁሉ ይስባል፣ ቦኮላና ኩፊያ የመሳሰሉትን ላስቲኮች ደግሞ ቀስ በቀስ ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል። ሂሳቡ ላይ ቢካተት እንኳ እምቢ በሉ።

ሞተር በግፊት ማሳጠብም እንደዚሁ ነው። ውሃ ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ቦቢናው ለካንዴላው የሚሰጠው ብልጭታ ይቆራረጣል፤ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ቼክ ኢንጂን ይበራል። ዲናሞውና ፊውዝ ሳጥኑም አይወዱትም። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በእርጥብ ጨርቅና በብሩሽ ማጽዳት በቂ ነው። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ አጣቢው ግን በልማድ ኮፈኑን ከፍቶ ይረጫል። ብርቱካናማ ገመድ ያለበት አካባቢ የግፊት ውሃ አይረጭበትም፤ የቻርጅ ክዳኑም ተዘግቶ ይታጠብ።

አንድ ነገር ለጠያቂው፦ ወንበር ሻምፑ ካሳጠብክ የካምሪ ሃይብሪድ ባትሪ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ኋላ ወንበር አጠገብ ነው። እዚያ ውሃ እንዳይፈስ ለአጣቢው ንገረው።

ካምሪ ከአሌክሳንድሪያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል ዝርዝር አልጠበቅኩም። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ራስ በራስ ማጠቢያው ቦታ ያለው አረፋ የሚወጣው ብሩሽስ? እና በብርድ እንዴት ነው የሚታጠበው፣ በር ይቆለፍ የለም እንዴ በበረዶ?

ሰምና ፖሊሽ

ብሩሹን አትንካው። ካንተ በፊት የነበረው ሰው የጎማውን ጭቃ፣ አንዳንዴም የጭነት ሳጥኑን በእሱ ነው ያጠበው። የግፊቱን አፍንጫ ብቻ ተጠቀም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጨውን በተመለከተ፣ እዚህ አካባቢ በረዶ ከመጣሉ በፊት አስፋልቱ ላይ ቀጥ ያሉ ነጭ መስመሮች ካያችሁ ያ ጨው የተሟሟበት ውሃ ነው፣ 23 በመቶ ገደማ ጨው ያለው። አንዳንድ ቦታ ካልሲየም ወይም ማግኒዥየም ክሎራይድ ይጨመርበታል፤ እነዚህ እርጥበት ከአየር ስለሚስቡ ከስር አይደርቁም። ዝገት የሚፋጠነው ደግሞ መኪናው በረዶ ውስጥ ቆሞ ሳይሆን ሙቀቱ ከፍ ሲል ነው። ጨው የለበሰ መኪና ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ማሳደር ለብረቱ ደግነት አይደለም።

ስለዚህ በየበረዶው መሃል አትጠብ። በረዶው አልፎ አስፋልቱ ከደረቀ በኋላ፣ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በላይ የሆነበትን ቀትር ምረጥ። በዚህ ወቅት ከስር የሚያጥብ ተችለስ ከሁሉ ይሻላል፤ ጨው በውሃ ስለሚሟሟ መታሸት አያስፈልገውም፣ የሚያስፈልገው ብዙ ውሃ ነው። ሪንስለሱን በጨው ቅርፊት ላይ እንዳትሞክረው፤ ቅድሚያ መለቅለቅ ግዴታ ነው።

ከወጣህ በኋላ አራቱንም በርና ኋላውን ክፈትና የበሩን ጠርዝና ላስቲኩን ጥረግ፤ ማሽን እዚያ አይደርስም፣ ማታ በረዶ የሚቆልፈውም ያ ውሃ ነው። ላስቲኩን በወቅቱ መጀመሪያ አንዴ ሲሊኮን ብትቀባው አይጣበቅም። የበሮቹ ግርጌ ላይ ውሃ የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በጭቃ ከተደፈኑ በሩ ከውስጥ ነው የሚዝገው፣ በፕላስቲክ ነገር ክፈታቸው። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ንዳ፣ ፍሬኑን ለስለስ አድርገህ ደጋግመህ ያዝ፣ ዲስኮው ይደርቃል።

የቶዮታው አርማ ከፊት ላይ ራዳሩን ነው የሚሸፍነው። ጨው ሲጋገርበት ዳሽቦርዱ ላይ የግጭት መከላከያው አልሠራም የሚል መልእክት ይመጣል፤ መካኒክ ጋ ከመሄድህ በፊት አርማውንና የፊት መስታወቱ የላይኛው ክፍል ላይ ያለውን የካሜራ ቦታ በእርጥብ ፎጣ አጽዳ። ስታጥብ ደግሞ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ አይሁን፤ እጀታው ላይ ውሃ ሲፈስ የበሩ ቁልፍ ራሱን እየከፈተ ይቆልፋል። 2 ሜትር ያህል አርቀህ አስቀምጠው።

አፓርታማው ውሃ ማፍሰስ የከለከለውም በክፋት አይመስለኝም። የፓርኪንግ ፍሳሽ በአብዛኛው ማጣሪያ ሳይነካው ወደ ጅረት፣ ከዚያ ወደ ፖቶማክ ወንዝና ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው የሚሄደው፤ የእጥበት ቦታዎቹ ግን ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ መስመር ነው የሚለቁት። ሪንስለሱ የማያፈስ ስለሆነ ጽሕፈት ቤታቸውን ጠይቅ፤ ብዙ ቦታ ይፈቅዳሉ።

ሰምና ፖሊሽ

ያለውን ጭረት ስለማንሳት፦ አሁን አታስነሳው፣ ጨው ካለፈ በኋላ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ይሁን። ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አቋርጠህ ሳብ፤ ካልያዘህ በፖሊሽ ይወጣል፤ ከያዘህ ጥልቅ ነው፣ ማደብዘዝ እንጂ ማጥፋት የለም። መጀመሪያ መኪናው ይታጠባል፤ እጅህን ስስ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገህ ቀለሙን ዳብስ፣ ከሻከረ በክሌይ፣ የተጣበቀ ቆሻሻ በሚያነሳው ጭቃ መሰል ነገር፣ መጥረግ አለበት፣ አለበለዚያ ፖሊሹ ያንን ቆሻሻ ይዞ ይዞራል። ቀጥሎ ዲኤ በሚባለው ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ ባለው ማሽን በመካከለኛ ፖሊሽ አንድ ዙር። ሮታሪ፣ ማለትም በአንድ ዓይነት ዙር ብቻ የሚዞረውን ማሽን፣ የያዘ ጀማሪ ከመጣ አትስጠው፤ ጠርዝ ላይ ሽፋኑን ያቃጥላል፣ ጥቁር ላይ ደግሞ ሆሎግራም የሚሉትን የሚያንጸባርቅ መስመር ይተዋል።

እያንዳንዱ ፖሊሽ ከሽፋኑ ጥቂት ማይክሮን ይወስዳል። ሠሪው የቀለም ውፍረት መለኪያ ካለው አስለካ፤ በተለይ ፓራውልትና የበር ጠርዝ ላይ ሽፋኑ ስስ ነው፣ ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ደግሞ ተራው መለኪያ አያነበውም፤ እዚያ በእጅ ይሠራ። በየዓመቱ የሚደረግ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ሰም ወይም ሲላንት የሚባለውን ሰው ሠራሽ መከላከያ ቀባና አባልነቱን ወደ ተችለስ አዙረው፤ በሳምንት አንዴ እሱ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ሪንስለስ ለኡበር ይበቃል። ሚያዝያ ላይ ቢጫው የአበባ ብናኝ ሲወርድ ጠዋት ጠዋት በደረቅ ፎጣ መጥረግ ያጓጓል፤ ያንን ተው፣ ውሃ ብቻ።